ለሊኑክስ የሚሆን አነስተኛ ላፕቶፕ በአቅም መምረጥ

ሊኑክስ የሚሠራበት ላፕቶፕ ለመግዛት ልዩ መደብር ወይም ልዩ ብራንድ መፈለግ አያስፈልግም። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ለገበያ ከቀረቡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሊኑክስ ይጫንባቸዋል። ልዩነቱ የሚታየው ከተጫነ በኋላ ነው። አንዱ በግማሽ ሰዓት ተጭኖ ሁሉ ነገሩ ይሠራል፤ ሌላው ዋይፋዩ እንቢ ይላል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ እንደጨለመ ይቀራል። ይህን ልዩነት የሚፈጥሩት በላፕቶፑ ውስጥ ያሉ ጥቂት ክፍሎች ናቸው። እነሱን ለይቶ ያወቀ ገዢ በትንሽ ገንዘብ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ይዞ ይወጣል።

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እምብርቱን (ከርነሉን) እ.ኤ.አ. በ1991 መጻፍ የጀመረው ያኔ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያባዛው የተፈቀደ በመሆኑ ዛሬ የብዙ ሺህ ባለሙያዎች እጅ አርፎበታል። በዚህ እምብርት ዙሪያ ፕሮግራሞች ተሰባስበው ለተጠቃሚ የሚቀርቡባቸው እትሞች ብዙ ናቸው፤ በ1993 የተጀመረው ዴቢያን፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ፣ በ2006 የወጣውና በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተው ሊኑክስ ሚንት ከታወቁት ይገኙበታል። ሦስቱም በነፃ ይወርዳሉ፣ የፈቃድ ቁጥር አይጠይቁም። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ከነቫይረሱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚዞርበት አገር፣ ሕጋዊና በየጊዜው የሚታደስ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ማግኘት ለተማሪም ለትንሽ ቢሮም ቀላል ነገር አይደለም።

ትንሽ ላፕቶፕና ሊኑክስ ከተዋወቁ ቆይተዋል። የታይዋኑ አሱስ በ2007 ያወጣው ኢ ፒሲ 701 ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ራሙ 512 ሜጋባይት፣ ማከማቻው 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ከፋብሪካ የወጣውም ሊኑክስ ተጭኖበት ነው። በዚያው ዓመት በብዛት መመረት የጀመረውና “ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ” የተባለው ፕሮጀክት ያሠራው አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፕም በሊኑክስ የሚሠራ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም ገብቷል። ከእነዚህ በኋላ ኔትቡክ የተባሉ ሚጢጢ ላፕቶፖች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ታብሌት ሲመጣ ግን ተረሱ። ዛሬም ያገለገሉ ኔትቡኮች እዚህም እዚያም በርካሽ ይሸጣሉ። ምንም ያህል ዋጋቸው ቢወርድ ባይገዙ ይሻላል። አንድ ወይም ሁለት ጊጋባይት ራም የዘመኑን ድረ ገጽ አይሸከምም፤ ከፊሎቹ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ባለ 32 ቢት ናቸው። ኡቡንቱ ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች መጫኛ ማውጣቱን ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ዴቢያንም በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ትቶታል።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ገዢ ከሁሉ የሚሻለው ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ላፕቶፖቻቸውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ ጊዜ ይቀይራሉ፤ አሮጌዎቹ በነጋዴዎች እጅ በኩል ወደ ሌላው ዓለም ይሄዳሉ። የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቱድና የኤችፒ ኤሊትቡክ ተከታታዮች የዚህ ዓይነት ናቸው። አካላቸው ጠንካራ ነው፣ ማጠፊያቸው ቶሎ አይላላም፣ መለዋወጫ ይገኝላቸዋል፣ በጥቂት ብሎን ተከፍተው ይጸዳሉ። ለሊኑክስ የሚስማሙበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ሊኑክስን የሚጽፉት መሐንዲሶች ራሳቸው ለረዥም ጊዜ የሠሩት በእነዚሁ ማሽኖች ስለሆነ ችግሮቹ አስቀድመው ተፈትተዋል።

አነስተኛ ለሚፈልግ ሰው ባለ 12.5 ኢንቾቹ ቲንክፓድ ኤክስ270፣ ላቲቱድ 7280 እና ኤሊትቡክ 820 ጂ4 በጣም ተስማሚ ናቸው። ሦስቱም ቦርሳ ውስጥ ብዙ ቦታ አይዙም፤ ኪቦርዳቸው ግን ለረዥም ጽሑፍ ይበቃል። ዋጋቸውን ያወረደው አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በመደበኛው መስፈርቱ በጥቅሉ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለ ፕሮሰሰር አይቀበልም። በዚህ የተነሳ ምንም ያልጎደላቸው የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ላፕቶፖች ጡረታ ወጥተዋል። ለሊኑክስ ይህ መስፈርት የለም፤ ለሌላው ያረጀ የተባለው ማሽን ለሊኑክስ ተጠቃሚ ገና በጉልበቱ ነው። በአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያዎች የዚህ ዘመን ላፕቶፖች ከ200 ዶላር በታች ስለሚሸጡ፣ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው አዲስ አበባ ካለው ዋጋ ጋር ማወዳደር ይችላል።

የፕሮሰሰሩን ዕድሜ ከስሙ ማንበብ ይቻላል። ኮር አይ5 7200ዩ በሚለው ስም ውስጥ የመጀመሪያው 7 ትውልዱን፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ኃይል ቆጣቢ መሆኑን ይናገራል። ሻጭ “አይ5 ነው” ብሎ ሲያበቃ ገዢ ቁጥሩን መጠየቅ አለበት፤ በ2011 የወጣ አይ5 እና በ2018 የወጣ አይ5 ከስማቸው በቀር የሚያገናኛቸው ጥቂት ነው። 7ኛው ትውልድ ዩቲዩብ ከሚጠቀምባቸው የቪዲዮ ዓይነቶች አንዱን ፕሮሰሰሩን ሳያደክም ስለሚያጫውት ባትሪ ይቆጥባል። 8ኛው ትውልድ ላይ ሲደረስ ደግሞ ትልቅ ለውጥ አለ፦ 7200ዩ ሁለት ኮር ሲኖረው ተተኪው 8250ዩ አራት አለው። የዋጋ ልዩነቱ መጠነኛ ከሆነ 8ኛውን መምረጥ ያዋጣል። ይሁንና ኤክስ270ን የተካው ኤክስ280 ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ 4 ጊጋባይት ያለውን የገዛ ሰው በ4 ጊጋባይት ይኖራል።

ራም ላይ መቆጠብ አይገባም። ሊኑክስ ራሱ ጥቂት ራም ይበቃዋል፤ ራም የሚበላው ብራውዘሩ ነው። 8 ጊጋባይት ቢሮንም ትምህርትንም በምቾት ያሠራል፤ ኤክስ270 ላይ ባለው አንድ የራም ቦታ 16 ጊጋባይት ማስገባት ይቻላል። ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆን አለበት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ቢገኝ እንኳ ዋጋው ላይ የኤስኤስዲ መግዣ ደምሮ ማስላት ነው እንጂ በዲስኩ መቀጠል አይመከርም።

ዋይፋይ የሊኑክስ ተጠቃሚ ፈተና የሚበዛበት ቦታ ነው። የኢንቴል ካርዶች ድራይቨራቸው በከርነሉ ውስጥ ስላለ ወዲያው ይሠራሉ። የብሮድኮም ካርዶች ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ፋይል በኢንተርኔት ማውረድ ይጠይቃሉ፤ ዋይፋይ ለማግኘት ዋይፋይ ሲያስፈልግ ችግሩ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። የሪልቴክ ካርዶች እንደ ሞዴላቸው ይለያያሉ። በግራፊክስም በኩል የኢንቴልና የኤኤምዲ አብሮ ገነብ ግራፊክስ ያለ ውጣ ውረድ ይሠራል፤ ኤንቪዲያ ያለበት ላፕቶፕ ግን የተለየ ድራይቨር ይፈልጋል፣ ባትሪም ይበላል፣ ስለዚህ ለትንሽ ላፕቶፕ ባይኖር ይመረጣል።

አዲስ ካልሆነ አልገዛም ለሚል ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት አዳዲስ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሴሌሮን ኤን4020 ያለ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ የተበየደ 4 ጊጋባይት ራምና ኢኤምኤምሲ የተባለ ዘገምተኛ ማከማቻ የያዙ ናቸው። ካርቶኑ አዲስ ቢሆንም ከስምንት ዓመት በፊት የተሠራ ቲንክፓድ ይበልጣቸዋል። ኢንቴል በ2023 ያወጣው ኤን100 ባለ አራት ኮርና በጣም ኃይል ቆጣቢ በመሆኑ ከ8 ጊጋባይት ራም ጋር ከተገኘ ይሻላል። ክሮምቡክም ዋጋው ይስባል፤ የራሱ ሲስተም በሊኑክስ ከርነል ላይ የቆመ ቢሆንም እንደ ኡቡንቱ ያለ ሌላ እትም ለመጫን ግን ከሥር ያለውን ፈርምዌር መቀየር ይጠይቃል፣ ከዚያም በኋላ በብዙ ሞዴሎች ድምፁ ያስቸግራል። ለጀማሪ አይመከርም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ መሞከር አለበት፤ ሊኑክስ ደግሞ ለዚህ የሚመች ባሕርይ አለው። ቤት ውስጥ፣ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ኡቡንቱ ወይም ሚንት 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ይጻፋል። ሱቅ ሲደረስ ፍላሹ ይሰካና ላፕቶፑ ሲነሳ በቲንክፓድና በዴል ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ይጫናል፤ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹ ሲመረጥ ሊኑክስ በላፕቶፑ ዲስክ ላይ አንዳች ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል። ያኔ ዋይፋዩን ከስልክ ሆትስፖት ጋር ማገናኘት፣ ዘፈን መክፈት፣ ካሜራውን ማየት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መንካት፣ ዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ሁሉ መሞከር ይገባል። ክዳኑ ለሁለት ደቂቃ ተዘግቶ ሲከፈት ማሽኑ ከእንቅልፉ መንቃቱም አይዘለል። ይህ ሁሉ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ሙከራውን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው።

በዚያው ሙከራ ላይ የባትሪው ጤና ይታወቃል። የሊኑክስ የኃይል መረጃ መስኮት ሁለት ቁጥሮች ያሳያል፤ አንዱ ባትሪው ሲመረት ይይዝ የነበረው፣ ሁለተኛው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። 48 ዋት ሰዓት የነበረው 24 ላይ ከደረሰ ግማሽ ዕድሜው ሄዷል፤ ዋጋ ለማስቀነስ በቂ ማስረጃ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ኤክስ270 አንድ ብልጫ አለው። አንድ ባትሪ ከውስጥ፣ ሌላ ከውጭ ስላለው የውጭው ሲያልቅ ማሽኑ ሳይጠፋ ሌላ የተሞላ ባትሪ ይተካበታል።

ሌላው መታየት ያለበት ባዮሱ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈተው ቅንብር፣ አለመቆለፉ ነው። ከድርጅት የወጣ ላፕቶፕ አንዳንዴ የቀድሞ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ይቀርበታል። በቲንክፓድ ላይ የበላይ ተቆጣጣሪው የይለፍ ቃል ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፤ ማሽኑ ለጊዜው ቢሠራም ቅንብሩን መቀየር አይቻልም። ላፕቶፑ ሲነሳ የይለፍ ቃል ሳይጠየቁ ወደ ባዮሱ መግባት መቻሉን ማረጋገጥ በቂ ነው። ከአውሮፓ የመጡት ደግሞ የጀርመን ወይም የሌላ አገር የፊደል አቀማመጥ ያለው ኪቦርድ ሊኖራቸው ይችላል፤ ቁልፎቹን ሳያይ ለሚጽፍ ሰው ችግር አይሆንም፣ እያየ ለሚጽፍ ግን ያደክማል።

ከላፕቶፑ በፊት ግን ሥራው መታየት አለበት። ፒችትሪ ላይ የሚሠራ የሂሳብ ባለሙያ፣ አውቶካድ የሚጠቀም መሐንዲስ ወይም በፎቶሾፕ የሚተዳደር ዲዛይነር ፕሮግራሙ ለሊኑክስ አልተሠራለትም፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ዊንዶውስን ሳያጠፉ ሊኑክስን ጎን ለጎን መጫን ይሻላል። ለጽሑፍ፣ ለሰንጠረዥና ለማቅረቢያ ሊብሬኦፊስ በነፃ ይገኛል፤ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ ውስብስብ አቀማመጥ ያላቸው ሰነዶች ግን ትንሽ ሊዛነፉ ይችላሉ።

አማርኛ ችግር የለበትም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ስለገባ የሊኑክስ እትሞች ያሳዩታል፤ አቢሲኒካ እና ኖቶ የተባሉት ፎንቶች በነፃ ይጫናሉ። ለመጻፍም ከቋንቋ ቅንብሩ አማርኛን ጨምሮ በላቲን ቁልፎች በድምፁ መተየብ ይቻላል። የሚያስቸግረው የድሮ ሰነድ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ደብዳቤ ወይም መጽሐፍ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የተመሰቃቀለ ምልክት ይሆናል። እንዲህ ያለ ክምችት ያለው ሰው ዊንዶውሱን ከመሰናበቱ በፊት ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም ቢያንስ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ አለበት።

እትም መምረጥ ብዙ ሊያስጨንቅ አይገባም። 8 ጊጋባይት ራም ላለው ኡቡንቱ ወይም ሚንት፣ 4 ጊጋባይት ብቻ ላለው ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ገጽታ የያዘው የሚንት እትም ወይም ይህንኑ ገጽታ የያዘው የኡቡንቱ ዓይነት ዙቡንቱ ይስማማል። የኡቡንቱ መጫኛ ወደ 6 ጊጋባይት፣ የሚንት ደግሞ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ በብር ይታያል፣ ከጓደኛ ፍላሽ መቅዳትም ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ነው። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣቸው የረዥም ጊዜ እትሞች ለአምስት ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ያገኛሉ፤ በኤፕሪል 2024 የወጣው 24.04 የተጫነበት ላፕቶፕ እስከ 2029 ድረስ ሌላ እትም ሳይጫንበት ይሠራል።