በውሃ አጠገብ የሚሠራ የውጭ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ

በውሃ አጠገብ የሚሠራ የውጭ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ማለት ከቤት ውጭ በመዋኛ ገንዳ፣ በውሃ ጉድጓድ፣ በመስኖ ቦይ ወይም በውሃ ማጠራቀሚያ አካባቢ ለፓምፕ፣ ለመብራትና ለሶኬት ኃይል የሚያደርስ መስመር ነው። ከቤት ውስጥ ዝርጋታ የሚለይባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ሽቦው ለዝናብና ለፀሐይ የተጋለጠ ነው፤ ተጠቃሚው ብዙ ጊዜ እርጥብ ሰውነትና ባዶ እግር ይዞ ይቀርበዋል፤ መሬቱም ራሱ እርጥብ ስለሆነ ኮረንቲን በቀላሉ ያስተላልፋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ትንሽ ንዝረት ብቻ የሚያስከትል ጉድለት እዚህ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

አደጋው ከምን ይመጣል

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሰውን የሚጎዳው ግን በሰውነቱ ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ነው። 1 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲያልፍ ሰው መነዘሩን ይሰማዋል። ከ10 ሚሊ አምፔር በላይ ሲሆን ጡንቻ ስለሚኮማተር የያዘውን ነገር መልቀቅ ያቅተዋል፤ በተለምዶ «ኮረንቲ ያዘው» የሚባለው ይህ ነው። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ሆኖ ከቆየ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። የእርጥብ ሰውነት ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ስለሚችል፣ 220 ቮልት በእንዲህ ያለ ሰው ላይ 220 ሚሊ አምፔር ያህል ያሳልፋል። ይህም ልብን ለማስቆም ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ሌላም አደጋ አለበት። ኮረንቲው ልቡን ባያቆመው እንኳ ክንዱንና እግሩን ካሰረበት መዋኘት አይችልምና ይሰምጣል። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ከሰው ሰውነት ያነሰ ኮረንቲ አስተላላፊ በመሆኑ፣ ወደ ውሃው የፈሰሰ ኮረንቲ በሰውየው በኩል ማለፍን ይመርጣል። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው እንዲህ ያለው አሟሟት ተራ መስጠም ስለሚመስል፣ ለማዳን ዘሎ የሚገባውም ሁለተኛ ተጎጂ ይሆናል።

በይፋግና በደቡብ ጎንደር

ይፋግ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተደቡብ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት፣ ሩዝና ሽንኩርት በስፋት የሚመረትበት፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት አገር ነው። በዚህ አካባቢ ከግል መዋኛ ገንዳ ይልቅ በብዛት የሚታየው የግቢ ጉድጓድና የመስኖ ፓምፕ ነው። የኤሌክትሪኩ ሕግ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

የአካባቢው አፈር ዝርጋታውን በሁለት መንገድ ይፈትነዋል። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ይነፋል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ይህ እንቅስቃሴ ሳይጠበቅ የተቀበረን ሽቦ ይጎትታል፣ መጋጠሚያውን ያላቅቃል፤ መሬት ውስጥ የተተከለው የመሬት ዘንግም በበጋ ከአፈሩ ጋር ያለው ንክኪ ይቀንሳል። በአንጻሩ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ተራራ በሚወስደው ደጋ ላይ አፈሩ ስስ፣ ሥሩም ድንጋይ በሆነበት ቦታ ዘንጉን በበቂ ጥልቀት መትከል ያስቸግራል። በክረምት ደግሞ መብረቅ በመስመር በኩል ገብቶ ፓምፕና መቆጣጠሪያ ሊያቃጥል ይችላል።

የመሬት ሽቦ ብቻውን ለምን አይበቃም

የፓምፕ የብረት አካል ከመሬት ዘንግ ጋር ከተያያዘ ደኅንነቱ የተረጋገጠ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የዘንጉ ተቃውሞ 50 ኦም ነው እንበል። በፓምፑ ውስጥ ፌዙ ከብረቱ ጋር ቢነካካ፣ በዘንጉ በኩል ወደ መሬት የሚሄደው ኮረንቲ ቢበዛ 220 ለ50 ሲካፈል፣ ማለትም 4.4 አምፔር ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ስለሚቆጥረው አይቆርጥም። የፓምፑ አካል ኮረንቲ እንደተሸከመ ይቆያል፤ የሚነካው ሰውም ይመታል።

ብሬከርና ፊውዝ የተሠሩት ሽቦ ከመጠን በላይ እንዳይሞቅና እንዳይቃጠል ነው። ሰውን ለማዳን የተሠራው ሌላ መሣሪያ ሲሆን አር.ሲ.ዲ. ይባላል። ይህ መሣሪያ በፌዝ የሚሄደውን ኮረንቲ በኒውትራል ከሚመለሰው ጋር ያለማቋረጥ ያመሳክራል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ እየፈሰሰ ነው ማለት ነውና በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይቆርጣል። መሣሪያው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ውስጥ የሠራተኞችን ሞት ለመቀነስ ከተሠሩት ቀደምት ዓይነቶች እየተሻሻለ የመጣ ነው።

ለሰው ደኅንነት የሚመረጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ አር.ሲ.ዲ. ቢኖር ኖሮ 4.4 አምፔር ከ30 ሚሊ አምፔር እጅግ ስለሚበልጥ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይቆርጥ ነበር። በበጋ አፈሩ ደርቆ የዘንጉ ተቃውሞ 1,000 ኦም ቢደርስ እንኳ መሣሪያው ሳይቆርጥ በፓምፑ አካል ላይ ሊቆይ የሚችለው ቮልቴጅ ከ30 ቮልት አይበልጥም። የመሬት ሽቦውም ቢሆን መቅረት የለበትም። ሽቦው ካለ አር.ሲ.ዲ.ው ጉድለቱ እንደተፈጠረ ይቆርጣል፤ ከሌለ ግን የሚቆርጠው ሰው ሲነካው ነው።

በመዋኛ ገንዳ ዙሪያ ያሉ ቀጣናዎች

የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይ.ኢ.ሲ.) 60364 ደረጃ፣ በክፍል 7-702፣ የገንዳን አካባቢ በሦስት ቀጣና ይከፍላል።

ቀጣና 0፦ የገንዳው ውስጥ ነው። እዚህ የሚፈቀደው ከ12 ቮልት ያልበለጠ ተለዋዋጭ ወይም ከ30 ቮልት ያልበለጠ ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። ቮልቴጁን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር የደኅንነት ዓይነት ሆኖ ከቀጣናዎቹ ሁሉ ውጭ ይቀመጣል። መብራቱ ውሃ ውስጥ ለመኖር የተሠራ፣ መለያውም አይፒ ኤክስ 8 መሆን አለበት።

ቀጣና 1፦ ከገንዳው ጠርዝ እስከ 2 ሜትር ርቀት፣ ከወለሉ እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ነው። ተራ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ እዚህ አይደረግም።

ቀጣና 2፦ ከዚያ ቀጥሎ ያለው 1.5 ሜትር ነው። ሶኬት የሚፈቀደው በባለ 30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ. ሲጠበቅ ወይም ተመሳሳይ ጥበቃ ሲኖረው ነው። ከቤት ውጭ ከሆነ መሣሪያው ቢያንስ አይፒ ኤክስ 4፣ በውሃ ቱቦ የሚታጠብ ቦታ ከሆነ አይፒ ኤክስ 5 ሊኖረው ይገባል።

በተጨማሪም በእነዚህ ቀጣናዎች ውስጥ ያሉ የብረት መሰላል፣ የእጅ መደገፊያ፣ የውሃ ቱቦና የኮንክሪት ፌሮ እርስ በርሳቸውና ከመሬት ሽቦው ጋር በመዳብ ሽቦ ይያያዛሉ። ዓላማው ሰው በአንድ ጊዜ የሚነካቸው ብረቶች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት እንዳይኖር ማድረግ ነው። ፌሮው ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ስለማይገኝ ይህ ሥራ ከሙሌቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ለግቢ ጉድጓድም ይኸው ርቀት እንደ መመሪያ ቢወሰድ ይጠቅማል። ማብሪያውና ሶኬቱ ከጉድጓዱ አፍ ርቀው፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው እጁን ዘርግቶ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣሉ። ፓምፑ በራሱ ኬብል ተንጠልጥሎ አይወርድም፤ በገመድ ይወርዳል። ሰው ወደ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊትም ኃይሉ ከዋናው መጥፋት አለበት።

የሽቦ አመራረጥና አቀባበር

ለቤት ውስጥ የተሠራ ባለ አንድ ሽፋን ሽቦ ከቤት ውጭ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለመቀበር የተሠራ፣ የሚቻል ከሆነ የብረት መከላከያ ያለው ኬብል ይመረጣል። ኬብሉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ፣ ከታችና ከላይ አሸዋ ተደርጎበት፣ ከበላዩም የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ተነጥፎበት ይቀበራል። መኪና በሚያልፍበትና በሬ በሚታረስበት መሬት ከዚህ ይጠልቃል። በዋልካ አፈር ኬብሉን በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ትንሽ አላልቶ መዘርጋት አፈሩ ሲሰነጠቅ እንዳይጎተት ይረዳል። መሬት ውስጥ መቀጠል አይመከርም፤ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ክረምቱን አይዘልቅም።

ሽቦን በባሕር ዛፍ አጥር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ወይም በልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ ማሳለፍ የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። ንፋስ የሽቦውን ሽፋን በቆርቆሮው ጠርዝ እያፋተገ ሲያልጠው ጣሪያው በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል። ገንዳም ሆነ ጉድጓድ በኤሌክትሪክ መስመር ሥር አይቆፈርም።

የሽቦው ውፍረት በርቀቱ ይወሰናል። ለምሳሌ 8.5 አምፔር የሚወስድ ፓምፕ ከቆጣሪው 80 ሜትር ቢርቅ፣ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ላይ የደርሶ መልሱ ተቃውሞ 1.87 ኦም ያህል ስለሆነ 16 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ይህ ከ7 በመቶ በላይ ነው። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚጠፋው ወደ 6 ቮልት ይወርዳል። ቮልቴጅ ያነሰው ሞተር ብዙ ኮረንቲ ይስባል፣ ይሞቃል፣ ሽፋኑም ይቃጠላል። በርካሽ ሽቦ የተቆጠበው ገንዘብ በፓምፕ ጥገና ይከፈላል።

ጊዜያዊ ዝርጋታ

በጥምቀት ወቅት በየጥምቀተ ባሕሩ የድምፅ ማጉያ፣ መብራትና ጄኔሬተር ከውሃው አቅራቢያ ይተከላሉ። በጎንደር ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚሞላውን የፋሲለደስን መዋኛ በመሰለ ቦታ፣ ጥር 11 ቀን ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጊዜያዊ መስመር ከቋሚው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማከፋፈያ ሶኬት መሬት ላይ ወይም ከውሃው ዳር አይቀመጥም፤ ኬብል በእግረኛ መንገድ ላይ አያልፍም፤ እያንዳንዱ መስመር ባለ 30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ. ይኖረዋል።

ጄኔሬተር ከቤት መስመር ጋር የሚገናኘው በማቀያየሪያ ማብሪያ ብቻ ነው። በቀጥታ ሶኬት ላይ ከተሰካ ኃይሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ምሰሶ ላይ የሚሠራን ባለሙያ ሊገድል ይችላል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ በተከታታይ የተያያዙ ፓኔሎች ከ100 ቮልት በላይ ሊያመነጩ ይችላሉ፤ ፀሐይ እስካለች ድረስም ማብሪያውን በማጥፋት ብቻ ከፓኔል እስከ ማብሪያው ያለው ሽቦ ኃይሉን አያጣም።

ምርመራና ጥገና

ሥራው እንዳለቀ ኃይል ከመለቀቁ በፊት የሽቦው ሽፋን በ500 ቮልት መለኪያ ይፈተሻል፤ ውጤቱ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መሆን አለበት። የመሬት ዘንጉ ተቃውሞ በበጋ፣ አፈሩ ሲደርቅ ቢለካ ይመረጣል፤ በክረምት የተገኘ መልካም ውጤት ያታልላልና። የአር.ሲ.ዲ. መሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ይጫናል፤ ሲጫን ካልቆረጠ ወዲያው ይለወጣል። በተደጋጋሚ የሚቆርጥ አር.ሲ.ዲ. የተበላሸ ነው ተብሎ መነሳት የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ቦታ ኮረንቲ እየፈሰሰ መሆኑን እየተናገረ ነው።

ሕግና ባለሙያ

በኢትዮጵያ ለሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ በ1995 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ 10 (ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 10) ወጥቶ ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎችን የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሲሆን ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የደንበኛው ኃላፊነት ነው። የወደቀ መስመር ወይም የተጎዳ ምሰሶ ያየ ሰው በ905 ያሳውቃል።

ባለቤቱ ቦዩን መቆፈር፣ ቱቦ መቅበርና አሸዋ ማልበስ ይችላል። ሽቦ ማገናኘት፣ አር.ሲ.ዲ. መግጠምና መለካት ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

አደጋ ሲደርስ

1. ኃይሉ ከዋናው ማጥፊያ ይጠፋል። ከዚያ በፊት ተጎጂውን መንካትም ሆነ ውሃው ውስጥ መግባት አይገባም።
2. ማጥፋት ካልተቻለና የቤት መስመር ከሆነ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ማራቅ ይቻላል። ከምሰሶ የወደቀ ከፍተኛ ኃይል ከሆነ ግን መቅረብ አያስፈልግም።
3. ተጎጂው የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱ መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እየገባ ይጫናል። የሠለጠነ ሰው ካለ ከ30 ጭነት በኋላ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ይሰጣል።
4. በቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ወይም በቅርቡ ወዳለ ጤና ተቋም ይደወላል።
5. ውሃ መድፋት ወይም አፈር ውስጥ መቅበር አይጠቅምም፤ ለልብ መነሻ የሚያስፈልገውን ደቂቃ ያባክናል።

የነቃና ደኅና የሚመስል ተጎጂም ቢሆን የልብ ምቱ በኋላ ሊዛባ ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።