ውሃም እርሾ ይፈልጋል

ከአዲስ አበባ በፌስታል የታሸገ ዓሣ ይዞ ደጀን የሚገባ ሰው፣ ጎሃ ጽዮንን እንዳለፈ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። የሚገርመው ዓሣው ይህን ሙቀትና ብርድ ችሎ በሕይወት ሊደርስ መቻሉ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከቀናት በኋላ፣ በጸዳ የመስታወት ገንዳና ኩልል ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ምን ገደለው?

የመልሱ ፍለጋ የተጀመረው ከዓሣ ሳይሆን ከፍሳሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎሲንግና ሙንትስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የከተማ ፍሳሽ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ለምን እንደሚጠራ ለማወቅ ተነሡ። አንድ ሰፊ የመስታወት ቱቦ በአሸዋና በደቀቀ የኖራ ድንጋይ ሞልተው ፍሳሹን በቀስታ አሳለፉበት። ለ20 ቀናት ያህል አሞኒያው እንደገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ ናይትሬት ብቅ አለ፤ ውሎ አድሮም አሞኒያው ጠፋ። ነገሩ ተራ የኬሚካል ለውጥ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልዘገየ ነበር። ስለዚህ የክሎሮፎርም ተን ለቀቁበትና ሥራው ቀጥ አለ። ክሎሮፎርሙ ከወጣ በኋላም አልተመለሰም። ጥቂት የአፈር እጣቢ ሲጨምሩበት ግን እንደገና ጀመረ። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ ሁሉ፣ ውሃውም ሕይወት ያለው ነገር ካልገባበት አይጠራም ነበር።

ያንን ሕይወት በ1890 ዙሪክ ላይ ነጥሎ ያወጣው ሩሲያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ነው። ባክቴሪያዎቹ ኃይል የሚያገኙት ከራሱ ከአሞኒያው ነበር። ሥራውንም ተከፋፍለውታል፤ አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ናይትራይቱን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት።

የዓሣው አሟሟት የተገለጠው በዚህ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል ያለማቋረጥ አሞኒያ ያስወጣል። አዲስ በተሞላ ገንዳ ውስጥ አሞኒያውን የሚበላ ገና አልተራባም፤ ስለዚህ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። ቀጥሎ የሚመጣው ናይትራይትም ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግደዋል። የውሃው መጥራት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያሳይም።

የኖራ ድንጋዩም በቱቦው ውስጥ ያለ ምክንያት አልገባም። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ አሲድ ያመነጫሉ፤ ድንጋዩ ያንን ያረግበዋል። ይኸው ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ ተደራርቦ ይታያል። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ለባክቴሪያው ይስማማል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ስለሚል ግን ለአዲስ ዓሣ አደጋ አለው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ከአሞኒያው መርዛማ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ወደ 5 በመቶ ያሻቅባል። በተዘጋ ፌስታል ውስጥ የዓሣው ትንፋሽ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ፒኤቹን ዝቅ አድርጎ መርዙን ያለዝበዋል። ፌስታሉ ሲፈታ ጋዙ ይወጣና መርዙ ይበረታል። ስለዚህ ሩቅ መንገድ የመጣ ፌስታል ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እስኪመሳሰል እንደታሸገ ይንሳፈፍ፤ አንዴ ከተፈታ ግን ዓሣውን ሳይዘገዩ በመረብ ማዛወርና የፌስታሉን ውሃ መድፋት ነው። በደጀን ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ በእኩል ሙቀት፣ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ኦክስጅኑን ዓሣውም ባክቴሪያውም ስለሚሻሙበት የአየር ፓምፕ ያስፈልጋል።

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሎ ነበር። በ1996 ሆቫኔክና ዴሎንግ የተባሉ አሜሪካውያን የአኳሪየም ማጣሪያዎችን በዘረመል ሲመረምሩ፣ በመጻሕፍት ስሙ የሚጠራው የአሞኒያ ባክቴሪያ በጨው አልባ ገንዳዎቹ ውስጥ አልተገኘም ማለት ይቻላል። በ2005 ከሲያትል የሕዝብ አኳሪየም ባክቴሪያ እንኳ ያልሆነ፣ አርኪያ ከሚባለው ወገን የሆነ አሞኒያ በሊታ ተለየ። በ2015 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚሠራ ባክቴሪያ አገኙ፤ አንዱ ቡድን ያገኘው ከዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነው። ለ125 ዓመታት የታመነበት የሥራ ክፍፍል ለሁሉም እንደማይሠራ ታወቀ።

ለገዢው የሚበጀው ግኝት ግን እነዚህ ፍጥረታት በአብዛኛው የሚኖሩት በውሃው ውስጥ ሳይሆን በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው መሆኑ ነው። ከነባር ገንዳ ውሃ በጀሪካን ቀድቶ ማምጣት ብዙም አይረዳም። ስፖንጁን ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ማጠብም ይፈጃቸዋል። ዓሣ ከመምረጥ በፊት፣ ጤነኛ ዓሣ ካለበት ገንዳ ከቆሸሸው ስፖንጅ ቁራጭ መለመን ይቀድማል። ሳይደርቅ በገንዳው ውሃ እንደራሰ ይምጣ፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት ዓሣ ብቻ ይግባ፣ ምግቡም ይመጠን። ቀሪዎቹ በውሃ መመርመሪያ ላይ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ እስኪሆን ሻጩ ዘንድ ይቆዩ።