ከወደቡ ወሬ ጀርባ የቀረው ሮክ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ የወደብ ከተማዋ የበርበራ ስም ከራዲዮ አልፎ ታክሲ ውስጥ ገባ። ስለ ወደቡ፣ ስለ ባሕር ኃይሉ፣ ስለ ኪራዩ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ከሦስት ወር ያህል በኋላ ከዚያችው ሀገር አንድ አልበም ወጣ፤ «ሂዶ ዳውር» ይባላል። የድምፃዊት ሳህራ ሀልገንና የባንዷ ሦስተኛ ሥራ ነው። ስለ ወደቡ ያን ያህል የተከራከርን ሰዎች ስለ አልበሙ ዝም አልን። ይህ ይቆጨኛል፤ ከአፍሪካ ቀንድ በእነዚህ ዓመታት ከሰማኋቸው የሮክ ሥራዎች ውስጥ በድፍረቱ የሚስተካከለው ጥቂት ነውና።

አውሮፓ ውስጥ አልበሙ የሚሸጠው «የዓለም ሙዚቃ» በሚባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ስለ እሱ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ደግሞ ከዘፈኖቹ በፊት የዘፋኟን ሕይወት ያገኛል። ሕይወቷም በእርግጥ ከባድ ነው። ሳህራ በሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ተወልዳ ገና በልጅነቷ መዝፈን ጀመረች። በሜይ 1988 የሶማሊያን መንግሥት የሚወጉት የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ሐርጌሳ ሲገቡ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከከተማዋ ከራሷ አየር ማረፊያ በሚነሡ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደባት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ባለው በሀርትሼክና በዙሪያው ሰፈረ። ሳህራ ከተዋጊዎቹ ጋር ሆና ቁስለኞችን አስታመመች፣ ዘፈነችላቸውም። «ሀልገን» የሚለው መጠሪያም ትግል ማለት ነው፤ የወጣላት በዚያ ዘመን ነው። ኋላ በስደት ፈረንሳይ ገብታ ሊዮን ከተማ ኖረች።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ሴት ስትዘፍን አድማጭ ቀድሞ ያዝናል፣ ቀጥሎ ያከብራል፣ በመጨረሻ ሙዚቃውን መስማት ይረሳል። የዚህ አልበም ችግር ይኸው ይመስለኛል። ሳህራ ስለ ጽናቷ ብዙ ምስጋና ተሰጥቷታል፤ ባንዷ ስለሚያሰማው ድምፅ ግን የተነገረው ትንሽ ነው። ስለዚህ እኔ ወደ ድምፁ ልሂድ።

አራት ሆነው ይጫወታሉ። ሳህራ ትዘፍናለች። ሊዮን ሳለች የተዋወቀቻቸው ሁለት ፈረንሳውያን፣ ማኤል ሳሌት ጊታር፣ ኤምሪክ ክሮል ድራም ይጫወታሉ። በዚህኛው አልበም ኪቦርድ ይዞ የተጨመረው ሬጂስ ሞንት ነው። ጊታሪስቱ ከሌላ ሀገር የመጣ ሙዚቃ ሲያጅብ ጨዋ ለመሆን የሚጨነቅ ዓይነት ሰው አይደለም። «ሌትራንግለዝ» በተባለው የሃርፕና የጊታር ጥንድ ውስጥ፣ በጄኔቫው «ኦርኬስትር ቱ ፑይሳን ማርሴል ዱሻን» ውስጥም የተጫወተ፣ ሙከራ የለመደ ነው። ጊታሩ ይሻክራል፣ ይጎረብጣል። አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሳይሰለች ይደጋግማታል፤ ከድግግሞሹ ውስጥም ሰውን የሚያፈዝ ነገር ይወጣል። ድራሙ ከማሊ ሙዚቀኞች ጋር በ«ቢኬኦ» ባንድ የሠራ ሰው የሚመታው ስለሆነ የሮክ ጉልበትና የእጅ ከበሮ ዝላይ አንድ ላይ አለው።

ይህ ሁሉ ከምን ጋር ነው የተጋጨው ለሚል ሰው ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። ዘመናዊው የሶማሊ ዘፈን በ1940ዎቹ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው አብዲ ሲኒሞ «በልዎ» የተባለውን አጭር የፍቅር ዘፈን ሲያስፋፋ መልክ ያዘ። አብዱላሂ ቀርሼ ዑድ የተባለውን የክር መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ሶማሊዎች ከበን ይሉታል። ከድምፅ፣ ከከበንና ከከበሮ ቀራሚ የሚባለው ስልት ተወለደ። ቅኝቱ እንደኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ የአማርኛ አድማጭ ቃሉን ባይሰማም ዜማው ባዕድ አይሆንበትም። ቀራሚ የግጥም ሙዚቃ ነው፤ መሣሪያው ለቃሉ መንገድ ይለቃል።

የሳህራ ባንድ ከበኑን በጊታር ለመምሰል አልሞከረም፤ የአልበሙ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ጊታሩ የከበኑን ቦታ ይወስዳል እንጂ ድምፁን አይሰርቅም። ሳህራም ለሮኩ ብላ አዘፋፈኗን አላለሰለሰችም፣ አልጮኸችምም። ቃሉን እንደ ቀራሚ ዘፋኝ ታሽሞነሙነዋለች፤ ስሜቱ ሲሞላ እልልታዋን ትለቃለች፤ እልልታው ከጊታሩ ጩኸት ጋር ሲገናኝ የቱ የማን እንደሆነ ለጊዜው ይጠፋል። ቀደም ሲል በ2019 የወጣው የባንዱ አልበም «ዋ ደርዳራን» ባዶ ቦታ ይበዛበት ነበር፤ እኔ ያንን ባዶነት እወደው ነበር። በአዲሱ ላይ የሞንት ኪቦርድ ያንን ክፍተት ይሞላዋል፣ አንዳንዴም ከመጠን በላይ። ግን ያ ኦርጋን የ1970ዎቹን የሞቃዲሾና የአዲስ አበባ ባንዶች ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ዘፈኑንም ከሰማዩ ወደ ጭፈራው ወለል ያወርደዋል። ልውውጡ ያዋጣል።

ይህን አልበም ስሰማ ደጋግሞ የሚመጣብኝ የሌላ ሰው የመጨረሻ አልበም አለ። ሸለላን በሳክስፎን በመጫወት ፈር የቀደደው ጌታቸው መኩሪያ በ2004 በአምስተርዳሙ «ዘ ኤክስ» 25ኛ ዓመት በዓል ላይ ተጋበዘ። ዘ ኤክስ ከ1979 ጀምሮ ፐንክን ከነፃ ጃዝ ጋር ሲያላትሙ የኖሩ ሆላንዶች ናቸው። በ2006 አብረው «ሞዓ አንበሳ»ን፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ»ን አወጡ። ጌታቸው በ2016 አረፈ፤ ሁለተኛው የስንብት ሥራው ሆኖ ቀረ። በሁለቱም አልበሞች ላይ ሆላንዶቹ ሽማግሌውን አላባበሉትም፤ ጊታራቸውን በሙሉ ኃይል ለቀቁት፤ እሱም በሸለላው መለሰላቸው። አክብሮት ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳህራና ፈረንሳውያኑ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ጌታቸው ወደ ዘ ኤክስ የሄደው ከ50 ዓመት በላይ ከተጫወተ በኋላ፣ አንድ ሙሉ ዘመን ከኋላው አስከትሎ ነበር። ሳህራ ግን ዘመኑ ራሱ በቦምብ ከተቋረጠባት ከተማ ነው የተነሣችው።

የራዲዮ ሐርጌሳ ቴፖች ከድብደባው እንዲተርፉ መሬት ውስጥ ተቀብረው የቆዩ ናቸው። ዛሬ በከተማዋ የባህል ማዕከል ውስጥ ሺዎች ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ከነዚህ ተመርጠው በ2017 ኦስቲናቶ ሬከርድስ ያወጣው «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» ለግራሚ ታጭቷል። ይሁን እንጂ ከመሬት የወጣ ቴፕ የድሮውን ያቆያል፤ አዲስ ዘፈን የሚወለደው ሰው ቆሞ በሚዘፍንበት ቤት ነው። ሳህራ ወደ ሐርጌሳ ተመልሳ ያቆመችው ቤት «ሂዶ ዳውር» ነው፤ ባህልን ጠብቅ እንደ ማለት። ምግብ ቤትም የሙዚቃ ቤትም ነው። አልኮል በማይሸጥበት፣ ሙዚቃን በጥርጣሬ የሚያይ ሰው ባልጠፋበት ከተማ፣ ሴት ባለቤት ሆና መድረክ ከፍታ በየሳምንቱ ቀጥታ ሙዚቃ ማቅረብ ራሱን የቻለ ትግል ነው። አልበሙ የቤቱን ስም የወሰደው ለዚህ ነው፤ ዜማውም ለፌስቲቫል ታዳሚ ከመታሰቡ በፊት ሻይ ይዞ በተቀመጠ የሰፈር ሰው ፊት የተፈተነ መሆኑ ይሰማል።

ሐርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር አለ፤ ትንሿ ጅግጅጋ። በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል ዕቃው፣ ጫቱ፣ ሰው ሳያቋርጥ ይመላለሳል። ዜማም በዚሁ መንገድ ከጥንት ሲመላለስ ኖሯል። የኛ የኮንሰርት አዘጋጆች ከአውሮፓና ከአሜሪካ ባንድ ለማስመጣት የሚያወጡትን ገንዘብና ድካም አውቃለሁ። ይህ ባንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው በአውሮፓ መድረኮች ላይ ነው፤ ዘፋኟ ግን በአውሮፕላን ከሁለት ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ አለች። ያ ጊታርና ያ እልልታ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ወንበር በሌለው አዳራሽ፣ ድምፁ በደንብ ተከፍቶ እንዲሰማ እፈልጋለሁ።