ኩፔ ለበረዶ አገር

አገር ቤት በረዶ ማለት ከዝናብ ጋር መጥቶ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ልጆች እያፈሱ አፋቸው የሚከቱት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀልጦ የሚሄድ ነገር ነው። ሚኒያፖሊስ ላይ ግን ያው ቃል መጥቶ ከአራት ወር በላይ የሚሰነብት እንግዳ ስም ነው። በዓመት በአማካይ 130 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ተራ ነገር ነው፤ ሲብስበት ከ25 በታችም ይወርዳል። እና የሰፈሬ ልጅ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ መስከረም ላይ ያገለገለች ቅንጡ ኩፔ ልግዛ ብሎ ሲያማክረኝ ትልቅ ሰው የሚመልሰውን መለስኩለት፦ "አርፈህ ኤስዩቪ ግዛ።"

"ጋሼ፣ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ አምስት በር ለማን ብዬ ነው?" አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ኩፔ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሚወርድ፣ የኋላ ወንበሯ ከሰው ይልቅ ጃኬት የሚመቸው መኪና ነች። አዲስ ሳለች ዋጋዋ አይቀመስም። ስምንትና ዐሥር ዓመት ሲሞላት ግን ባለ ቤተሰብ ስለማይፈልጋት ዋጋዋ ወርዶ የደሞዝተኛ ኪስ ይደርሳል። የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም፤ ፍሬኗም ሾክ አብሶርበሯም የሚሸጠው ያኔም ዛሬም በቅንጡ መኪና ዋጋ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በረዶውን በተመለከተ ደግሞ ኩፔ ስሟ የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኞቹ ቅንጡ ኩፔዎች የሚገፉት በኋላ ጎማ ነው፤ ሞተሩ ከፊት፣ ጉልበቱ ከኋላ። ቀለል ያለው ጎን ከባዱን ይገፋል፤ በረዶ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ጅራቷ ይከዳታል። የድሮ ሰዎች መድኃኒታቸው አሸዋ በከረጢት ሞልቶ የኋላ ኮፈን ውስጥ መጫን ነበር።

ነገር ግን ኩፔና በረዶ ከጥንት ጠላቶች አይደሉም። አውዲ በ1980 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጄኔቭ ላይ ያወጣት፣ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ የምታሽከረክረው "ኳትሮ" ባለ ሁለት በር ነበረች። በበረዶና በጭቃ መንገድ ላይ ሌሎቹን እያስከተለች የዓለም ራሊን የአምራቾች ዋንጫ በ1982 እና በ1984 ወሰደች። ከዚያም በ1986 አንዲት አውዲ 100 ፊንላንድ ውስጥ የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎች የሚዘሉበትን ተዳፋት ሽቅብ ስትወጣ የሚያሳየው ማስታወቂያ መጣ። መሪውን የያዘው ሃራልድ ዴሙት የተባለ የራሊ ነጂ ነበር። ተመልካቹ ሁሉ ያደነቀው አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ጥርስ ነው። ጎማዎቹ ላይ የተተከለውን የብረት ሹል ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው።

እኔ የምለው ይኸው ነው። ገዢው ሁሉ "ፎር ዊል ናት ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ "ምን ጎማ ላይ ቆማለች?" የሚል የለም። አራቱም ጎማ መገፋቱ የሚረዳው ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ነው። ለመቆም አይረዳም፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ሁሉ እኩል ነው፣ የሚይዘው ጎማው ብቻ ነው። የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ ላስቲኩ ይደነድናል፤ ከዜሮ በታች ሲሆን እንደ ፕላስቲክ ነው። ቅንጡ ኩፔዎች፣ በተለይ "ስፖርት" የሚል ምልክት የለጠፉት፣ ከፋብሪካ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ በዚህ ዓይነቱ ጎማ ነው። የክረምት ጎማ ግን ላስቲኩ በብርዱም ለስላሳ ነው፤ ፊቱ ላይ በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ በረዶውን ነክሶ ይይዛል። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በመሐሉ የበረዶ ቅንጣት ተስሎበት ታገኘዋለህ። የካናዳዋ ኩቤክ ከ2008 ጀምሮ በክረምት ያለዚህ ዓይነት ጎማ መንዳትን በሕግ ከልክላለች። እዚህ ግን ሕጉም አያስገድድ፣ ሰዉም አይገዛ።

ሲገዛም አራት ነው የሚገዛው። "ለሚገፉት ለሁለቱ ብቻ" የሚል ጎሚስታ ካጋጠመህ ሰላም ብለህ ውጣ። አራቱንም በምታሽከረክር መኪና ላይ ደግሞ አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ከሆነ የጎማዎቹ ዙሪያ ስለሚለያይ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ትራንስፈር ሁሌ ልዩነቱን ሲታገል ይቃጠላል። ስለዚህ ያገለገለች መኪና ልታይ ስትሄድ መጀመሪያ ጎንበስ በልና አራቱ ጎማዎች የአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት፣ እኩል ያለቁ መሆናቸውን እይ። የተቀላቀሉ ከሆኑ ባለቤትየው ሌላውንም ነገር እንዴት እንደያዘው ነግረውሃል።

ቀጥሎ በሩን እይ። የኩፔ የበር መስታወት ዙሪያውን የሚይዘው ፍሬም የለውም፤ በቀጥታ ከጣሪያው ጎማ ሥር ገብቶ ይታሸጋል። እጀታውን ስትስበው መስታወቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይልና በሩን ይለቀዋል፤ ስትዘጋው መልሶ ከፍ ይላል። ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ብርድ ግን መስታወቱ ከጎማው ጋር በበረዶ ይጣበቃል። ሞተሩ ልውረድ ይላል፣ በረዶው አልለቅም ይላል፤ አንተ ለሥራ ረፍዶብህ እጀታውን ትጎትታለህ። አንዱ ይሰበራል። እኔ ራሴ አንድ የካቲት ጠዋት የጓደኛዬን መኪና በር በጉልበት ከፍቼ መስታወቱ አዘንብሎ በር ውስጥ ሲሰምጥ ሰምቻለሁ፤ የጥገናውን ዋጋ ባልናገር ይሻላል። መላው ቀላል ነው፦ ኅዳር ላይ መስታወቱ የሚታሸግበትን ጎማ ሲሊኮን መቀባት። ስትገዛ ደግሞ እጀታውን በቀስታ ይዘህ መስታወቱ ቶሎና ያለ ድምፅ ዝቅ ማለቱን በሁለቱም በር ፈትሽ።

ከሥሯ ያለው ጉዳይ ጨው ነው። ከተማው በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይነሰንሳል፤ ተራው ጨው ብርዱ ከዜሮ በታች ከ9 ዲግሪ ሲያልፍ አቅሙ ስለሚደክም ሌላ ዓይነት ይጨመርበታል። ሁሉም ብረት ይበላል። ኩፔዋ ከመሬት ያላት ከፍታ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሆዷ ጨዋማው ጭቃ ውስጥ ነው የሚከርመው። ላሜራዋ እንደ መስታወት ሊያበራ ይችላል፤ አትመነው። ማንሻ ላይ አሰቅላት፣ ባትሪ አብራ፣ የፍሬን ቱቦዎቹን ተከትለህ ተመልከት። የላይ ዝገት ምንም አይደለም፤ በጣት ሲነካ እየተቀረፈ የሚወርደው ነው የሚያስፈራው። ታይትሏ (የባለቤትነት ወረቀቷ) እንደ ቴክሳስና አሪዞና ባለ ጨው በማይበዛበት አገር የኖረች መሆኗን ካሳየ ጥቂት ጨምረህም ቢሆን ውሰዳት።

የትኛዋ? የ2010 እና የ2011 ባለ 2 ሊትር ቱርቦ አውዲ ኤ5ዎች ቆንጆ ናቸው፤ ግን ዘይት በመጠጣት የታወቁ ናቸው፣ ፒስተን ቀለበቱ የተቀየረበት ወረቀት ከሌለ እለፋቸው። የቢኤምደብሊው ኤክስድራይቭ ኩፔ በእኔ ግምት ለመንዳት ከሁሉም ትጥማለች። ያረጁት ላይ ግን ትራንስፈሩን የምታዘው ትንሽ ሞተር የፕላስቲክ ጥርሷ ይበላል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቅ። ኢንፊኒቲ ጂ37 ኤክስ ከ2009 እስከ 2013 ወጥታለች፤ 3.7 ሊትር ሞተር፣ ያለ ቱርቦ፣ ሲያስፈልግ እስከ ግማሽ ጉልበቷን ወደ ፊት ጎማ ትልካለች። የመጀመሪያዎቹ ላይ የዘይት መተላለፊያዋ ጋስኬት ይለቃል፣ ከዚያ ውጭ ብዙ አታስቸግርም። ከ2015 ወዲህ የመጣችው ሌክሰስ አርሲ ከባድ ናት፤ እንደ ስፖርት መኪና አትሮጥም፣ ግን ጋራዥ አታመላልስም። ገንዘቡ ካለ እሷ። ካዲላክ ሲቲኤስ ኩፔም አለች፤ ወደ ኋላ ሲያዩባት ግን ዕውር ናት፣ እኔ አልወደድኳትም።

ባትሪውንም አስለካ፤ ብርድ አቅሙን ይቀንሰዋል፣ አሮጌ ከሆነ የሚሞትብህ ጥር ላይ ነው።

ልጁ ኢንፊኒቲዋን ገዛ፣ የ2012ቷን። ከሦስት ሳምንት በኋላ አራት የክረምት ጎማ አነስ ባለ ርካሽ ቸርኬ ላይ አስገጥሞ መጣና "ጋሼ፣ አስቀያሚ ሆነች" ብሎ አማረረ። እውነቱን ነው። የሚያብረቀርቁት ባለ 18 ኢንች ቸርኬዎች እስከ ሚያዝያ ድረስ በእናቱ ምድር ቤት፣ ከጤፍ ከረጢቱ ጎን፣ በብርድ ልብስ ተሸፍነው ከርመዋል።