የተማሪን ተስፋ ስለ መመዘን

በግሽ ዓባይ አካባቢ የሚኖር ገበሬ፥ ልጁን ለማስተማር ሲል በሬውን ሸጦ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ቤት ይከራይለታል፤ በየሳምንቱም ስንቅ ይልክለታል። ይህን ሁሉ ድካም የሚደክመው ብዙ ጊዜ አስተማሪው «ልጅህ ከክፍሉ አንደኛ ነው» ስላለው ነው። ነገር ግን ከክፍል አንደኛ መሆንና ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መብቃት ልዩ ልዩ ናቸውና፥ አስተማሪም ሽማግሌም ለወላጅ ቃል ከመስጠቱ በፊት የሚመዝንበትን ሚዛን ማወቅ ይገባዋል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50 የደረሱት 29,909 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ግን 48,929 አለፉ፤ ይኸውም ከመቶ 3 ገደማ የነበረው ከ8 በላይ ሆነ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በእያንዳንዱም ውስጥ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ።

እንግዲህ ልጁን በጓደኞቹ ሳይሆን በፈተናው መለካት ያስፈልጋል። ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ያለ መጽሐፍ፥ በተወሰነው ሰዓት እንዲሠራ ማድረግ ነው። ውጤቱን ስናነብ ግን እንጠንቀቅ። ጥያቄው ከአራት መልስ አንዱን መምረጥ ስለ ሆነ፥ ምንም ሳያነብ እንዲያው ያጠቆረ ልጅ እንኳ ከመቶ 25 ያህል ያገኛል። ስለዚህ የልጁን እውነተኛ ዕውቀት ለመገመት፥ ከውጤቱ 25 ቀንሶ የቀረውን በ4 አባዝቶ ለ3 ማካፈል ነው። በዚህ ስሌት 40 ያገኘው የሚያውቀው 20 ያህል፥ 50 ያገኘው 33 ያህል፥ 70 ያገኘው ደግሞ 60 ያህል ነው። ከ40 እስከ 50 ያለው መንገድ ዐሥር ነጥብ ብቻ ይመስላል፤ ዕውቀቱ ግን ከግማሽ በላይ መጨመር አለበት። «ትንሽ ጐደለው» ማለት ወላጅን ማታለል የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ማለፊያው በ6 ትምህርቶች ድምር ከ600 ላይ 300 ስለ ሆነ፥ በፊዚክስ የደከመ በሒሳብ ሊክሰው ይችላል። እንግሊዝኛ ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም። ሒሳቡም ታሪኩም የሚጠየቀው በዚሁ ቋንቋ ነውና፥ ዓረፍተ ነገሩን ያልተረዳ ልጅ ዕውቀት ቢኖረውም አይጠቅመውም። በእኔ አስተያየት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው።

ደግሞም 300 ደጁን ይከፍታል እንጂ የፈለጉትን ክፍል አያሰጥም። ሕክምናን የመሰለ ብዙዎች የሚሹት ትምህርት ከዚያ እጅግ የበለጠ ውጤት ይጠይቃል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ሲሰጡ ኖረዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ እንዲሁ አድርጓል። ከ50 በታች ላገኙም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሬሜዲያል የሚባል የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከፍቷል፤ ነገር ግን ሁሉን አይቀበልም፥ የገቡትም እንደገና ይፈተናሉ።

በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበር፥ የልጁ የክፍል ቁጥር የተማረበትን ዘመን ላያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ስንመዝን ስንት ወር ከትምህርት እንደ ራቀ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ዝቅተኛ ውጤቱም የስንፍና ምልክት ተደርጎ በመዝገብ አይጻፍ።