ከናሱ ሰን እስከ መጋረጃው

ደብተራ ኦሪት ርዝመቷ 30፣ ወርዷ 10፣ ቁመቷም 10 ክንድ የሆነ ድንኳን ነበረች። 100 በ50 ክንድ የሆነ ዐጸድ ከብቧት በሩ ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። መንገደኛ ሕዝብ አፍርሶ የሚሸከማት፣ ከግራር ሳንቃ፣ ከበፍታ መጋረጃ፣ ከፍየል ጠጕርና ከቆዳ የተሠራች ናት። ዝርዝሩ ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ጀምሮ ይገኛል።

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የቦረናና የሳይንት ደጋ ላደገ ምእመን አከፋፈሏ እንግዳ አይደለም። ዐጸዱን በቅጽሩ፣ ውስጡን ደግሞ በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ያውቀዋል። የሳይንቷ ተድባበ ማርያምም ከዓባይ ማዶ እንዳለችው መርጡለ ማርያም ሁሉ ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባት እንደነበር በትውፊት ይነገራል። ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል ልዩነት ግን አለ፦ ወደ ደብተራዋ የሚገባው ካህን ፊቱ ወደ ምዕራብ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ነው።

ለንስሐ አባት ደጋግሞ የሚደርስ ስሞታ አለ፦ «ጸሎት አልሆነልኝም፤ ስቆም ልቤ ይባክናል»። የደብተራዋ አሠራር ለዚህ ከብዙ ምክር ይልቅ ይረዳል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ጸሎቱ ላይ ሳይሆን ከጸሎቱ በፊት ባለው ላይ ነውና። በበሩ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የዕጣን መሠዊያ አይደለም፤ የሚቃጠል መሥዋዕት የሚቀርብበት የናስ መሠዊያ ነው። በእጁ ይዞ የመጣውን እዚያ ይሰጣል። ቀጥሎ የናስ ሰን አለ፤ ካህናቱ እጅና እግራቸውን ሳይታጠቡ ወደ ድንኳኑ አይገቡም።

ይህ ሰን የተሠራው በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ከሚያገለግሉ ሴቶች መስተዋት ነው (ዘጸ. 38፥8)። የዚያን ዘመን መስተዋት የተወለወለ ናስ ነበር። ፊት ማያው ቀልጦ መታጠቢያ ሆነ ማለት ነው። ንስሐም እንዲሁ ነው፦ ጉድፍን አይቶ ማዘን ብቻውን መስተዋት ነው፤ ውኃ የሌለበት። ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የተጣላ ገበሬ ማለዳ ዳዊት ከመድገሙ በፊት ሽማግሌ ቢልክ ሰኑ ጋ ደረሰ ይባላል። ሳይታረቅ ዕጣን የሚያጨስ ግን ቅደም ተከተሉን ዘሏል።

ከሰኑ አልፎ ወደ ድንኳኗ ሲገባ፣ በቅድስት ውስጥ በሰሜን በኩል 12 ኅብስት የተደረደረበት ገበታ፣ በደቡብ ባለ 7 መብራት መቅረዝ፣ በመጋረጃው ፊት የዕጣን መሠዊያ ይቆማሉ። ለድንኳኗ መስኮት አልተነገረላትም፤ ብርሃኗ የመቅረዙ ብቻ ነው። የመጋረጃዎቿን ክር የፈተሉትም እጀ ብልኃተኛ ሴቶች ናቸው። በደጋው ለስለት ጥጥ ፈትላ ለጧፍ ክር የምታቀርብ እናት የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ሥራውን ከጸሎት ለይቶ ማየት ስሕተት ይመስላል። ዕጣኑ የሚታጠነው መብራቱ በሚሰናዳበት ሰዓት፣ ጧትና ማታ ነበር። ለግል ጸሎትም በሬ ከመጠመዱ በፊትና ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ ያለችው አጭር ሰዓት፣ አልፎ አልፎ ከሚደረግ ረጅም ጸሎት ትበልጣለች።

ከመጋረጃው በስተኋላ ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚገባበት ቅድስተ ቅዱሳን አለ። ታቦቱ ርዝመቱ 2 ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱ ክንድ ተኩል ሆኖ በውስጥም በውጭም በወርቅ ተለብጧል። የውስጡን ወርቅ የሚያይ ሰው የለም፤ ነገር ግን ታዟል። ማንም ሳያይ የሚጸለይ ጸሎት ዋጋው እዚህ ላይ ነው። በወንጌል መሠረት የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ጌታ በተሰቀለ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ተቀደደ፤ ስለዚህ መቅረቡ ለሊቀ ካህናት ብቻ የተተወ አይደለም።

ደብተራ ማለት ድንኳን ነው። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታት ከመቅደስ ወጥተው በጥምቀተ ባሕር በድንኳን ያድራሉ፤ ሕዝቡም የኦሪቱን ጉዞ በዓይኑ ያያል። ያኔ ታቦቱን ሌዋውያን በትከሻ ይሸከሙት ነበር፤ ዛሬ ካህናት በራሳቸው ላይ ይሸከሙታል። የኦሪቱ ታቦት መሎጊያዎች ድንኳኑ ተተክሎ ሕዝቡ ሲሰፍር እንኳ ከቀለበቶቹ አይወጡም ነበር።