ለትንሽ ኩሬ ተስማምተው የሚኖሩ ዓሦችን ስለ መምረጥ

በካራቆሬና በአካባቢው፣ እንዲሁም እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላማ የይፋት ምድር በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች፣ ውሃ ለማጠራቀም የቆፈሩትን ኩሬ ለዓሣ እርባታም ሊጠቀሙበት እንደሚፈልጉ ይነግሩናል። የሚያነሡት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «የትኛው ዓሣ ቶሎ ያድጋል?» የሚል ነው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት እንላለን፤ ይኸውም በአንድ ኩሬ የሚገቡት ዓሦች እርስ በርሳቸው ይስማማሉ ወይ የሚለው ነው። ሐይቅ ሰፊ ስለሆነ ደካማው ከኀይለኛው የሚሸሽበት ቦታ አያጣም። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር በሆነ ኩሬ ውስጥ ግን መሸሸጊያ የለም።

ይህን የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተምረን ጭምር ነው። በአንዲት እናት ጓሮ በተቆፈረ ኩሬ ውስጥ የቆሮሶና የአምባዛ ጫጩቶችን በአንድ ቀን ጨመርን። አምባዛዎቹ በቁመት የቆሮሶዎቹን እጥፍ ይሆኑ ነበር፤ በጊዜው የተገኙት እነርሱ ስለነበሩ ልዩነቱን ችላ አልነው። ከአምስት ወር በኋላ የኩሬው ውሃ ሲለቀቅ፣ ከሁለት መቶ ቆሮሶ የቀሩት ሃያ አይሞሉም ነበር። አምባዛዎቹም ቢሆኑ ትልቁ ትንሹን እየበላ ቁጥራቸው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ባለኩሬዋ «ያመጣችሁልኝ ዓሣ ነው ወይስ ጅብ?» ብለው ጠየቁን። የአምስት ወር ፉርሽካቸውና ድካማቸው ከንቱ ስለቀረ የምንመልሰው አልነበረንም።

ቆሮሶ

ለይፋት ሙቀት የሚስማማው የመጀመሪያ ምርጫ ቆሮሶ ነው። ይህ ዓሣ በአዋሽ ተፋሰስ በተፈጥሮ የሚገኝ ሲሆን፣ የሮቢ፣ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞችም የዚሁ ተፋሰስ ክፍል ናቸው። በመሆኑም የክረምት ጎርፍ ከኩሬ ቢያወጣው ለተፋሰሱ እንግዳ አይሆንም። በወሎ በሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ተጨምሮ ለአካባቢው አጥማጆች ዋና ዓሣ እስከ መሆን ደርሷል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ውሃ ውስጥ ጥሩ ያድጋል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ መኖውን ገና ማለዳ ከመስጠት ይልቅ ፀሐይ ውሃውን እስክታሞቀው መቆየት ይሻላል። ምግቡ በአብዛኛው በውሃ ውስጥ የሚያድገው አረንጓዴ ዋቅላሚ ስለሆነ ሌላ ዓሣ እያሳደደ አይበላም።

ይሁን እንጂ በእርባታው ጊዜ ወንዱ ቆሮሶ ጠባዩ ይለወጣል። በኩሬው ወለል ላይ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍርና ሌላ ወንድ እንዳይጠጋው ይከላከላል። ጭንቅላቱ፣ ጎኑና ክንፎቹ የሚቀሉት በዚህ ጊዜ ነው። ያ የሚያስደስተን ቀለም ለጎረቤቱ ማስጠንቀቂያ ነው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ በቴሌቪዥን ያዩአቸውን የቀይ ባሕር የኮራል ዓሦች በመስታወት ሳጥን ማኖር ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁን የትምህርት ቤት ልጆች አሉ። እነዚያ ዓሦች በአንድ ሊትር ውስጥ 40 ግራም ያህል ጨው ባለበት ውሃ ስለሚኖሩ በወንዝ ውሃ አይቆዩም። ከዚህም ሌላ ደማቅ ቀለም ካላቸው ከትንንሾቹ ብዙዎቹ የያዙትን የኮራል ጥግ ለሌላ አያስነኩም። በመስታወት ሳጥን ለማሳየት አንድ ወንድ ቆሮሶ ከአራት ወይም ከአምስት ሴቶች ጋር፣ መደበቂያ የሚሆን ድንጋይ ተጨምሮበት ይበቃል። ሁለት ወንድ ከገባ አንደኛው ጥግ ይዞ ሲደበደብ ይውላል።

የቆሮሶ ዋናው ችግር ግን ጠብ ሳይሆን መብዛት ነው። ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ከሚፈለፈሉት ብዙዎቹ ይተርፋሉ። የሚቀንሳቸው ጠላት በሌለበት ኩሬ ሁለት መቶ የነበረው ሺህ ይሆናል፤ መኖው ለሁሉም ስለማይበቃ ሁሉም በጣት ቁመት ላይ ይቀራሉ። ለዚህ አንዱ መፍትሔ ወንዶቹን ብቻ መርጦ ማስገባት ነው። ዓሣው 30 ግራም ያህል ሲደርስ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ከፊንጢጣው ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ማየት ያስፈልጋል። በጉብታዋ ላይ ወንዱ አንድ፣ ሴቷ ሁለት ቀዳዳ አላቸው። ሥራው ትዕግሥትና ጥሩ ዓይን የሚጠይቅ ነው፤ ጥቂት ሴቶች ካመለጡ ልፋቱ ይበላሻል።

አምባዛ መቼ ይገባል?

ሁለተኛው መፍትሔ አምባዛ ነው። አፉ የቻለውን ሁሉ የሚውጥ ዓሣ ቢሆንም፣ በጊዜውና በመጠኑ ከገባ የቆሮሶን ጫጩት እየቀነሰ ትልልቆቹ መኖ እንዲጠግቡ ያደርጋል። በትንሽ ኩሬ ሰላም የሚገኘው ከዓሣው ዓይነት ይልቅ ከቁመቱና ከአገባቡ ቅደም ተከተል መሆኑን የተረዳነው ከላይ ከተነገረው ኪሳራ በኋላ ነው። አሁን የምንመክረው እንደሚከተለው ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ በመጀመሪያ 200 የቆሮሶ ጫጩት ይገባል። ቆሮሶዎቹ የመዳፍ ስፋት ሲደርሱና ትንንሽ ጫጩቶች በኩሬው ዳር መታየት ሲጀምሩ፣ ለአሥር ቆሮሶ አንድ አምባዛ ይጨመራል። አምባዛው በሚገባበት ቀን ከቆሮሶው በግልጽ ማነስ አለበት። አምባዛዎቹ ራሳቸውም እኩያ መሆን ይኖርባቸዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ረዘም ካለ ወንድሞቹን ከመብላት አይመለስም። በኋላ ከቆሮሶው በልጦ ማደጉ ስለማይቀር ትልልቁን በየጊዜው እያወጡ መብላት ወይም መሸጥ ያስፈልጋል።

አምባዛ በኩሬ ውስጥ በቀላሉ አይራባም፤ በተፈጥሮ የሚራባው የክረምት ጎርፍ ወደ ሸፈነው ሣራማ ዳር ወጥቶ ነው። አየር ከላይ መተንፈስ ስለሚችልም በዝናብ ሌሊት በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ኩሬውን ዙሪያውን ማጠር ይገባል።

ዓሣ እንደ ከብት ሥጋ የአራጁን ሃይማኖት ስለማያስጠይቅ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው በሚኖሩበት በይፋት ከአንድ ሳሕን ለመብላት ይመቻል። ሆኖም ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የማይበሉ ቤተ ሰቦች ስላሉ፣ አምባዛ ከመጨመሩ በፊት የቤቱን ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው። ካልፈለጉት ወንድ ቆሮሶ ብቻውን ይቀመጥ።

ካርፕን በተመለከተ ዓሣ የማያሳድድ ሰላማዊ ነው፤ ብርድም ይችላል። ነገር ግን ምግቡን ከጭቃ እየቆፈረ ስለሚፈልግ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የኩሬውን ግድግዳም ይንዳል። ለአገራችንም መጤ ዓሣ ነው። ለደጋው ተስማሚ ይሁን እንጂ ጎርፍ ለሚያጠቃው የይፋት ኩሬ አንመርጠውም።

ጫጩቶቹን ማምጣትና ውሃውን መጠበቅ

ጫጩት ከሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሲመጣ ጉዞው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሰበታ ውሃ ቀዝቃዛ፣ የካራቆሬው ደግሞ ሞቃት ነው። ላስቲኩን ወዲያው ፈትቶ መድፋት ጫጩቱን ይገድለዋል። ላስቲኩ እንደ ታሰረ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኩሬው ላይ ይንሳፈፍ፤ ከዚያም የኩሬው ውሃ በጣሳ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረበት ጫጩቶቹ በራሳቸው ዋኝተው ይውጡ።

ለሽንኩርት ተባይ የሚረጩ መድኃኒቶች፣ በተለይም ፓይሬትሮይድ የሚባሉት፣ በጣም በጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይፈጃሉ። የኩሬው ቦይ በተረጨ ማሳ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በርጭት ሰሞን መዘጋት አለበት። የመርጫውን ዕቃ በኩሬው ዳር ማጠብም ፈጽሞ አይገባም። ጧት ቆሮሶዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው አየር ሲስቡ ከታዩ፣ የዚያን ቀን ፍግና መኖ አቁሞ ንጹሕ ውሃ ማስገባት ያስፈልጋል። አምባዛው በዚህ ጊዜ ምንም ምልክት ላያሳይ ስለሚችል የሚታየው ቆሮሶው ነው።